ዘፋኟ ወደ መስኮቱ የሄደች ጊዜ

ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ አንድ ጆሮ አለው። ጆሮ ጠቢ ማለት አይደለም፤ እሱማ በየፎቁ ሁለትና ሦስት አይጠፋም። ይኼኛው ወሬ ቢነግሩት የማይሰማ፣ ወሬኛው የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ግን ከግድግዳ ማዶ ሰምቶ የሚነሳ ፍጡር ነው። እናንተ ሳታውቁት ዕድሜ ልካችሁን አብራችሁት የኖራችሁትን ጩኸት፣ እሱ ገና እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ ያገኝላችኋል። አንዴ ካገኘላችሁ ደግሞ እናንተም መስማት ትጀምራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ደህና ሰንብት ነው።

የዚህ ሕንፃ ጆሮ ሰዓት ሠሪው ጋሼ ናቸው። የራሳቸው ስም አላቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፣ ዞር ሲሉ «ክቡር ጆሮ»። ማዕረጉን የሰጣቸው ግድግዳ የሚጋራቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ታች መንገድ ዳር ደግሞ ሱቃቸው ጎን ለጎን ስለሆነ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከክቡርነታቸው የሚያርፈው ደረጃው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም አብረው ካልወረዱ።

ትውውቃቸው እንዲህ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሕንፃው የገባ ዕለት፣ ዕቃው ገና ሳይፈታ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ቀጠን ያሉ ሽማግሌ በካልሲ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ እጥፍጥፍ ያለ የካርቶን ቁራጭ ይዘዋል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። «ፍሪጅህ ይዘፍናል።»

«ምን አሉኝ?»

«ይዘፍናል። አንድ እግሩ አጭር ነው። እኔን ተወኝና እሱን ስማው።»

ፀጉር አስተካካዩ ለወጉ ያህል ጆሮውን ጣል አደረገ። ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን መጣ፤ ከፍሪጁ ሆድ ውስጥ ቀጭን፣ ማለቂያ የሌለው እንጉርጉሮ። ሽማግሌው ፈቃድ ሳይጠብቁ ገብተው ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኙና ካርቶኗን ከአጭሩ እግር ሥር ሻጥ አደረጓት። ፍሪጁ ዝም አለ። ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ፣ «ጆሮ አይዋሽም» አሉና ወጡ። ሻይ እንኳ አልቀመሱም።

«ጆሮ አይዋሽም» የጋሼ ጆሮ ሕገ መንግሥት ነው። በእሳቸው ዘንድ ዓይን ይዋሻል፣ ሻጭ ይዋሻል፣ ሰዓትም ቢሆን ይዋሻል፤ እንጀራቸው ስለሆነ እሱን አሳምረው ያውቁታል። ጆሮ ግን አይዋሽም። በዚህ እምነታቸው አንድ ጊዜ አውቶቡስ አስቁመዋል። ሹፌሩ ዕቃ የረሱ መስሎት «ምን ጠፋዎት?» ቢላቸው «የኋላው ቀኝ ጎማህ ያቃስታል» አሉት። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ለጎረቤቱ ጣቱን በጭንቅላቱ ዙሪያ አዟዙሮ አሳየ። ሹፌሩ እየተነጫነጨ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሏል፤ የጎማው ብሎኖች ላልተው ሊወልቁ ደርሰው ኖሯል። ጋሼ ጆሮ ምስጋናውን ሳይሰሙ ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ «ፍሬኑም እንደዚያው ነው» ብለው።

ፀጉር አስተካካዩ እስኪሞት የማይረሳው ግን የመስተዋቱን ነገር ነው። ጋሼ ጆሮ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ገብተው ገና ከመቀመጣቸው «ዝም በሉ» አሉ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ዝም አለ። «ከመስተዋቱ ኋላ የሚጠበስ ነገር አለ።» የሚሸት የለ፣ የሚታይ የለ። ወይ ፍንክች አሉ፤ መስተዋቱ ካልወረደ ፀጉራቸውም አይነካም። ወረደ። ከኋላው ያለው ሶኬት ጠቁሮ፣ ሽቦው ቀልጦ፣ ግድግዳው መክሰል ጀምሮ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ያን ዕለት ማታ ሱቁን ቆልፎ ሲሄድ ሁለቴ ተመልሶ አየው። ሱቁ ዛሬም ሱቅ የሆነው በጋሼ ጆሮ ነው፤ ይህን እሱም አይክድም።

እንዲህ ያለ ጆሮ ታዲያ እንደ ማንም ጆሮ ሜዳ ላይ አይጣልም። ጋሼ ጆሮ በደረት ኪሳቸው አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ይይዛሉ፤ ውስጧ ንጹሕ ጥጥ አለ። ጥሩምባ የሚበዛበት ጎዳና ከመውጣታቸው በፊት ቆንጠር ያደርጉና በሁለት ጣታቸው እንደ ፈትል አሹረው፣ አርዝመው፣ ቀኝና ግራ ጆሯቸውን ይወትፋሉ። ቤት ሲደርሱ ነቅለው ይጥላሉ። ከምንም በላይ የሚፈሩት ግን የፀጉር አስተካካዩን ቶንዶስ ነው። «ይሄ ማሽንህ ጆሮ በላ ነው» ይሉታል። ሱቁ ውስጥ ጥጣቸውን ሳይወትፉ ቶንዶስ ስለማያስነሱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ያን ያህል ዘመን ፀጉራቸውን ሲቆርጥ የጆሯቸውን ውስጥ አይቶት አያውቅም። እንደታሸገ ዕቃ ዙሪያውን ብቻ ነው የሚያበጀው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ወደ ክቡርነታቸው ሳሎን የገባ ነው። ከወገብ የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል። መሃላቸው ላይ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ አምፕሊፋየር፣ ከእሱ በላይ የባለቤታቸው የአበባ ማስቀመጫ። ፊት ለፊት አንድ ወንበር ብቻ። የወንበሩ እግሮች የሚያርፉበት ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል፤ ወለል ሲጠረግ ወንበሯ የተነሳች እንደሆነ ወደ ምልክቷ እስክትመለስ ጋሼ ጆሮ አይቀመጡም።

የሚሰሙት ዘፈን ብዙ ነው፣ የሚፈትኑበት ግን አንድ። አንዲት ዘፋኝ ናት። መሣሪያው ከጀመረ በኋላ፣ ቃል ከማውጣቷ በፊት ትንፋሽ ትስባለች። ጋሼ ጆሮ የሚወዱት ያችን ትንፋሽ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጠብቋት ቆይተው፣ ልክ ስትስብ እሳቸውም አብረው ይስባሉ። ባለቤታቸው፣ ጎረቤቱ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው አስተማሪ፣ «እኔ እኮ ሳላውቅ ሁለተኛ ሚስት ሆኜ ነው የገባሁት» ይላሉ፤ ደግሞ ዘፈኑ ሲያልቅ ራሳቸው እትዬ ናቸው መልሰው የሚያስጀምሩት። በጋሼ ጆሮ አባባል ዘፋኟ የምትቆምበት ቦታ የታወቀ ነው። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ልክ ከአበባ ማስቀመጫው በላይ። እዚያ ቆማ ነው ለዓመታት የዘፈነችላቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጆሮ ከሳሎን ወጥተው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሙ።

«ሄደች» አሉ።

«ማን?» አሉ እትዬ።

«ዘፋኟ። ቦታዋ ላይ የለችም። ወደ መስኮቱ ሄዳለች።»

«ሞቋት ይሆናል።»

ጋሼ ጆሮ አልሳቁም። በማግስቱ ፍርድ ሰጡ፤ ጥፋተኛው የቀኙ ስፒከር ገመድ ነው። በቀኝ በኩል ድምፁ ሳስቷል፣ ስለዚህ ዘፋኟ ወደ ግራ፣ ወደ መስኮቱ ተገፍታለች። ገመዱ አርጅቷል፣ መዳቡ ደክሟል፣ በቃ። ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለ ገመድ ያለ ምስክር ተፈረደበት።

ገመድ ምርጫው ላይ ምስክር ሆኖ የቆመው ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ «አንተ የሰለጠነ እጅ አለህ» ተብሎ ሱቁን አዘግተው ወደ ገመድ ሻጭ ወሰዱት። ሻጩ «ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ሲል ጋሼ ጆሮ «ቆይ፣ መጀመሪያ እንተዋወቅ» አሉት፤ ከገመዱ ጋር ማለታቸው ነው። ጫፉን ልጠው መዳቡን በጥፍራቸው ቧጠጡት። አጠፉት። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው መልሶ ሲዘረጋ አደመጡት። ፀጉር አስተካካዩ ያስጠጉት ወደ ግራው ጆሯቸው መሆኑን አየ፤ ያኔ ግን ልብ አላለውም።

«ጋሼ፣ ገመድ እኮ ነው» አለ ሻጩ። «ከዚህ የገባ በዚያ ይወጣል።»

«መውጣትማ ሁሉም ይወጣል። ምን ሆኖ ነው የሚወጣው?»

ሻጩ ፀጉር አስተካካዩን አየው። ፀጉር አስተካካዩ ጣራውን አየ። ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ የቀኙና የግራው ገመድ ርዝመት አንድ መሆን አለበት። አንዱ ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ ቢሆንም ልዩነት አይፈቀድም። «አንዱን እግርህን በአጭር መንገድ፣ ሌላውን በረጅሙ ልከህ እኩል ድረሱ ትላለህ?» አሉ። 

መጀመሪያ ቀጭን ገመድ መጣ። ዘፋኟ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም። ወፍራም መጣ፤ ወይ እሷ። ከዚያ የተጎነጎነ፣ ከዚያ ነጠላ፣ ከዚያ ሌላ ከተማ ድረስ ተልኮበት የመጣ፣ እንደ ውሻ ማሰሪያ የከበደ። እትዬ ውድቅ የሆኑትን ሰብስበው ሰገነቱ ላይ ወጥረው ልብስ ያሰጡባቸው ጀመር። «ካልሲያችን እኮ ንጹሕ መዳብ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ማን አለ እንደኛ» ይላሉ ለሚጠይቃቸው።

በዚህ መሃል ጎረቤቱ አንድ ነገር እያስተዋለ መጣ። ጋሼ ጆሮ ደረጃ ላይ በቀኛቸው በኩል ሰላም የሚላቸውን ማለፍ ጀመሩ። ሱቃቸው ውስጥ ለደንበኛ «ጮክ በል፣ ሰው ሁሉ በዚህ ዘመን ማንሾካሾክ ለመደ» ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ በደህና የሚሠራ ሰዓት «ሞቷል» ብለው ፈተው፣ በዓይናቸው መዞሩን ሲያዩ ደንግጠው ገጠሙት። «የአሁን ሰዓት አይናገርም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ሁሉ ወደ ግራ ጆሯቸው ነው የሚያስጠጉት። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይህን አየ። ለማን ይናገራል? ደረጃ ላይ እትዬን አገኛቸውና ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎረቤቱ ሁሉ አውቋል፣ እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። እንዴት ብዬ ነው ‘ጆሮህ’ የምለው? እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ደረጃውን ሲወርድ አሰበው። ለሌላ ሰው ጆሮ ማለት የመነጽር ማንጠልጠያ ነው። እሳቸው ግን እሱ ከሄደ ምን ይቀራቸዋል?

እሑድ ሲደርስ ክቡርነታቸው ትልቁን ፈተና አዘጋጁ። ፀጉር አስተካካዩ በዚያች ሌላ ሰው በማይቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ በፎጣ ተሸፈነ። እትዬ ከስፒከሮቹ ኋላ ተንበርክከው አሮጌውንና አዲሱን ገመድ እያፈራረቁ ሊያስገቡ ተመደቡ። ዘፋኟ ዘፈነች። ገመድ ተቀየረ፤ እንደገና ዘፈነች።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ጆሮ።

ፀጉር አስተካካዩ የአንዲት ፀጉር ያህል እንኳ ልዩነት አልሰማም። ግን እንዴት ይበል? «የመጀመሪያው…» አለ፣ «ጫፍ ጫፉ ያልተስተካከለ ነው። ሁለተኛው ጎን ጎኑ ገባ ብሏል፣ ከኋላው ጸድቷል።»

«ይኸው» አሉ ጋሼ ጆሮ ለባለቤታቸው። «ይሄ ነው ጆሮ ማለት።»

«የአይጥ ምስክሯ ድምቢጥ» አሉ እትዬ ከስፒከሩ ኋላ።

«ስማ፣ አሁን ይሄን መልስልኝ። የት ነው የቆመችው?»

እዚህ ላይ ፀጉር አስተካካዩ መዋሸት አላሰበም፤ ጥያቄው ቀላል ስለመሰለው የሰማውን ተናገረ። «መሃል ላይ ናታ። ልክ አበባው ጋ።»

«በአዲሱ ገመድ?»

«በሁለቱም።»

 ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አንስቶ የጋሼ ጆሮን ፊት ሲያይ ምላሱን በቆረጠው ብሎ ተመኘ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ተነስ» አሉት ቀስ ብለው፤ ተቀመጡ። ከዚያ ያደረጉትን ሕንፃው ውስጥ ሌላ ሰው አያደርገውም።

«የቀኙን ገመድ ለግራው ስጪው፣ የግራውን ለቀኙ» አሉ። «ጥፋቱ የገመዱ ከሆነ ወደ በሩ ትሻገራለች።»

አልተሻገረችም። ስፒከሮቹን አፈራርቁ አሉ። ያ ከባድ እንጨት እየተገፋ ቦታ ተለዋወጠ። አሁንም መስኮቱ ጋ ናት። እትዬ «በቃ ተወው» አሉ። ጋሼ ጆሮ አልተዉትም። ከወንበሩ ተነሱ፤ ያን ሁሉ ዘመን ከምልክቷ ንቅንቅ ያላለችውን ወንበር ራሳቸው አነሱና አዞሯት። ለስፒከሮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አድርገው ተቀመጡ። ዘፋኟ ትንፋሿን ሳበች።

«አሁን በሩ ጋ ናት» አሉ።

በሩ በግራቸው ነበር። የትም ቢዞሩ በግራቸው ናት።  ጋሼ ጆሮ ተነስተው አምፕሊፋየሩን አጠፉ፣ ያን የከበደ ገመድ ነቅለው በክንዳቸው ላይ በጥንቃቄ ጠመጠሙት።

«ገመዱ ምንም አላጠፋም» አሉ። «ስሙን በከንቱ ነው ያጠፋሁት።»

ፀጉር አስተካካዩ የዚያን ዕለት ቤቱ ሲገባ አለቀሰ። ሰው ሲሸነፍ ብዙ አይቷል፤ ራሱን በራሱ ሕግ ፈርዶበት፣ ከፍርዱም ትንሽ ሳይቀንስ የሚነሳ ሰው ግን አላየም።

እትዬ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢሉ ጋሼ ጆሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «እኔ ፈትኜ የጨረስኩትን ሐኪም ምን ይጨምርበታል? ‘አዎ ሄዷል’ ሲለኝ ለመስማት ነው የምሄደው? እሱንም በአንድ ጆሮ።» ሱቃቸውን ሊለቁ አሰቡ፤ ሰዓት የማይሰማ ሰዓት ሠሪ አይባልም ብለው። የከበደውን ገመድ ለፀጉር አስተካካዩ አምጥተው «ለሱቅህ ሬዲዮ ይሁንህ» ሲሉት፣ በሕይወት ካለ ሰው ውርስ እንደሚቀበል ሆኖ ተቀበለ።

ሕንፃው ሰላም አገኘ። በር የሚያንኳኳ የለ፣ ወንበርህ የሚል የለ። ሁሉም የተመኘው ነበር፤ ሲመጣ ግን ደስ አላለም። የውሃው ፓምፕ ከቀን ወደ ቀን ሲያጓራ ከርሞ ተቃጠለና ሰው በባልዲ ደረጃ ወጣ። በሮች ያለ ከልካይ ይንቋቁ ጀመር። ከፀጉር አስተካካዩ ፍሪጅ ሥር ያለችውም ካርቶን ተጨፍልቃ አለቀች። ፍሪጁ ዘፈነ። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ካርቶን ለማጠፍ ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። ይንኳኳል ብሎ በሩን እያየ ጠበቀ። ማንም አላንኳኳም። በማግስቱም ዝም ብሎ አዘፈነው።

ጋሼ ጆሮ ፀጉራቸው ሲያድግ የግዳቸውን መጡ። ተቀመጡ፣ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን አወጡ፣ የግራውን ጆሮ ወተፉ። የቀኙን ተዉት።

«ይሄኛውስ ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ለሱ ምን ያደርግለታል? የሚፈራው ነገር የለውም።»

ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን አስነሳ። በቀኝ ጀመረ። ጎኑን ጨርሶ፣ ከፊቱ ያለውን ሊያጸዳ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡን አየ። ቶንዶሱን አጠፋ። መብራቱን አስጠጋ።

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ነጭ ነገር አለ።»

«ሽበት ነው።»

«ሽበትንማ አውቃለሁ ጋሼ፤ ሥራዬ ነው። ይሄ ሽበት አይደለም።»

ራሱ ሊነካው አልደፈረም፤ ያን ጆሮ የሚነካ እጅ የለውም። እጃቸውን ይዞ አስነሳቸውና ወረፋ ጠባቂውን «ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ፣ ሱቁን ለደንበኞቹ ጥሎ ወጣ። ጋሼ ጆሮ በግማሽ ራሳቸው ተቆርጠው፣ በግማሹ ጎፍረው፣ አንገታቸው ላይ ጨርቅ እንደታሰረ በጎዳናው መሃል ተጎተቱ። ሰው ቆሞ አያቸው። «ምንድን ነው የምታደርገኝ?» ይላሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ በደስታና በፍርሃት መሃል ሆኖ መጎተቱን አላቆመም።

ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ያን ጭንቅላት ያየ ሁሉ ግን ድንገተኛ በሽተኛ መስሎት አሳለፋቸው። ሲስተሯ ቀኙን ጆሮ በመብራት አየች፣ ወረንጦ አነሳች፣ «አይንቀሳቀሱ» አለች። ሳብ አደረገች። የወጣው ነገር ረጅም፣ ከውጭ ጫፉ በቀር የጠቆረ፣ እንደ አሮጌ የኩራዝ ክር የተሾረ ነበር።

«ጥጥ ነው» አለች። «አንድ ጊዜ ሲያወጡት ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በላዩ ላይ ሌላ እየወተፉ ወደ ውስጥ ሲገፉት ከርመዋል።»

ጋሼ ጆሮ ጥጡን አዩ፤ የራሳቸው ጣት ያሾረው መሆኑን ለማወቅ አልተቸገሩም። በዓለም ላይ ጆሮውን ከመጠበቁ ብዛት የደፈነው ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቆም አሉ። ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«መብራትሽ» አሉ።

«ምን?»

«ከላይሽ ያለው መብራት ይጮሃል። እየተቃጠለ ነው።»

ሲስተሯ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «አይሰሙም ያልከኝ እኚህን ነው?»

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ ጆሮ ቀስ ብለው ነው የሄዱት። አንድ ታክሲ ጥሩምባውን ሲያንባርቅባቸው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም እንደሚል ሰው እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱለት።

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ «ጥጥ» አሉና ወደ ሰገነቱ ሄዱ። የመጀመሪያው አሮጌ ገመድ ከተሰጣ ካልሲ ሥር ተፈቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወንበሯ ምልክቷ ላይ ቆመች። ጋሼ ጆሮ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፋኟ ትንፋሿን ሳበች። እትዬና ፀጉር አስተካካዩ የእሳቸውን ፊት ያያሉ።

ፊታቸው ጠቆረ።

«ወደ በሩ ሄደች» አሉ። «የግራው ገመድ…»

ፀጉር አስተካካዩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። እንደ ሞያው አንድ ነጠላ ፀጉር የሚነቅል ሰው መስሎ እጁን ሰደደና፣ ሱቁ ውስጥ የወተፉትን ያን የግራ ጥጥ ከጆሯቸው መዞ አወጣው።

 ጋሼ ጆሮ ጣታቸውን ቀስ ብለው አንስተው ወደ አበባ ማስቀመጫው አመለከቱ። 

«ቀዘቀዘላት ማለት ነው» አሉ እትዬ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ፀጉር አስተካካዩ ባልና ሚስቱን ከዘፋኟ ጋር ትቶ ወደ ቤቱ ገባ። የተዋቸው ደንበኞችም፣ በግማሽ የቀረው ፀጉርም ትዝ ያለው በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ፍሪጁ እንደ ጀመረው ይዘፍናል። ገና ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ጆሮ በካልሲያቸው ቆመዋል፤ ራሳቸው በአንድ ጎኑ ጎፍሯል፣ እጃቸው ላይ እጥፍጥፍ ያለ ካርቶን አለ።

«ይሄ መቼ ነው የጀመረው?»

«ዛሬ ነው ጋሼ።»

«የዛሬ አይደለም። ዛሬ የጀመረ እንዲህ አይጎረናም፤ ይሄ ከርሟል።» ገብተው ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኙ። «ካርቶን ማጠፍ ጠፍቶህ ነው? ለምን ዝም አልከው?»

«እርስዎ እስኪሰሙት እየጠበቅኩ።»

 ጋሼ ጆሮ ካርቶኗን ከአጭሩ እግር ሥር ሻጥ አደረጉ፤ ፍሪጁ ዝም አለ። እሳቸው ግን ወዲያው አልተነሱም። ፀጉር አስተካካዩ በቀኛቸው በኩል ቆሞ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ሹክሹክታ «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

«ሰማሁህ» አሉ ጋሼ ጆሮ ከፍሪጁ ሥር።